የደምን ዕድሜ የመረመሩት ሐኪም፦ ዶክተር ቻርልስ ድሩ

ከሰው ሥር የተቀዳ ደም እስከ መቼ ሳይበላሽ ይቆያል? በይፋት ቆላ፥ በሸዋ ሮቢት ሙቀት፥ ጧት የታለበ ወተት ማታ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ አንባቢ ጥያቄው ቀላል እንዳልሆነ ይገነዘባል። ነገሩን በትዕግሥት ከመረመሩት ሊቃውንት አንዱ ጥቁር አሜሪካዊው ዶክተር ቻርልስ ድሩ ነበሩ።

ድሩ በ1904 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በዋሽንግተን ከተማ ተወለዱ። በወጣትነታቸው የታወቁ ስፖርተኛ ነበሩ። ሕክምናን በካናዳ አገር በማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተምረው በ1933 ከተመረቁ በኋላ፥ የእኛው ዶክተር መላኩ በያን በተማሩበት በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኑ። በ1938 ለከፍተኛ ጥናት ወደ ኒው ዮርክ፥ ወደ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ።

ዋናው ሥራቸው የተጀመረው እዚህ ነው። ከዶክተር ጆን ስከደር ጋራ ሆነው፥ እንዳይረጋ ሲትሬት የተጨመረበትን ደም በቀዝቃዛ ቦታ እያስቀመጡ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እየቀዱ መረመሩት። በቀይ ሕዋሳቱ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ቀስ በቀስ ፕላዝማ ወደሚባለው የደም ፈሳሽ ይወጣል። ደም እንዲረጋ የሚያስፈልገው ፕሮትሮምቢንም፥ ትሮምቢን ወደተባለ ኤንዛይም የሚለወጠው ማለት ነው፥ እየቀነሰ ይሄዳል። እንግዲህ በጠርሙስ ያለ ደም ሁሉ ነገሩ በአንድ ጊዜ አይበላሽም፤ እያንዳንዱ ክፍል የየራሱ ዕድሜ አለው። ዛሬ በደም ካንሰር ለታመሙ ሕፃናት የሚሰጠውን አስፓራጂኔዝ የመሰለ የኤንዛይም መድኃኒት ለመፈተን የሚሠራበት ዘዴ የዚሁ ዘመድ ነው፤ መድኃኒቱን ከሰው ፕላዝማ ጋራ ቀላቅሎ በ37 ዲግሪ ሙቀት ማቆየት፥ በየሰዓቱ ጥቂት መቅዳት፥ የቀረውን ኃይል መለካት።

በ1940 የጀርመን አውሮፕላኖች እንግሊዝን በቦምብ ሲደበድቡ፥ ከሙሉ ደም ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚቆየውን ፕላዝማ ወደዚያ የሚልከውን ድርጅት ሥራ ድሩ በሐኪምነት መሩ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ14,000 በላይ የደም ልገሣ ተሰብስቦ ከ5,000 ሊትር በላይ ፕላዝማ ባሕር ተሻገረ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ግን የሚያሳዝን ነው። ለአሜሪካ ወታደሮች ደም መሰብሰብ ሲጀመር የጥቁር ሰው ደም አይወሰድም ተባለ። በ1942 ተፈቀደ፤ ያውም ከነጮቹ ደም ተለይቶ እንዲቀመጥ ነው። የደምን አጠባበቅ ላገር ያሳዩት ሰው የገዛ ደማቸው ንቀት ደረሰበት። ድሩ ልዩነቱ በሳይንስ መሠረት እንደሌለው በግልጽ ተናገሩ። እርሳቸው ቀደም ብለው በ1941 ወደ ሐዋርድ ተመልሰው ጥቁር የቀዶ ጥገና ሐኪሞችን ያሠለጥኑ ነበር።

በ1950 በሚያዝያ ወር መጀመሪያ በሰሜን ካሮላይና መኪናቸው ተገልብጣ በ45 ዓመታቸው ሞቱ። ነጮች ሐኪሞች ሕክምና ከለከሏቸው የሚባለው ወሬ ሐሰት ነው፤ ሐኪሞቹ ብዙ ደክመው ነበር፥ ጉዳቱ ግን ከአቅማቸው በላይ ሆነ። የአሜሪካ ቀይ መስቀል ደምን በዘር መለየቱን የተወው በዚያው ዓመት ነው፤ ድሩ ይህን ሳያዩ ቀሩ።