ዶክተር ኧርቪንግ ኩፐርና የሚንቀጠቀጠው እጅ

ዶክተር ኧርቪንግ ኩፐር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1922 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በአትላንቲክ ሲቲ ተወለዱ፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው። በጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሕክምናን ከተማሩ በኋላ የአንጎል ቀዶ ሕክምናን በማዮ ክሊኒክ ተለማመዱ፤ ከዚያም ሥራቸውን በኒው ዮርክ ያዙ።

በዚያን ጊዜ የፓርኪንሰን ሕመም የያዘው ሰው ተስፋው የመነመነ ነበር። እጁ ያለ ፈቃዱ ይንቀጠቀጣል፤ ሰውነቱ ይገትራል፤ ጽዋውን ወደ አፉ ለማድረስ ይቸገራል። ሐኪሞች ከአንጎል ወደ ጡንቻ ትእዛዝ የሚያስተላልፈውን መንገድ ይቈርጡለት ነበር፤ ነገር ግን እጁ ከመንቀጥቀጥ የሚያርፈው ኀይሉን በማጣት ስለ ሆነ፣ ፈውሱ ከሕመሙ እምብዛም አይሻልም ነበር።

በ1952 ዓ.ም. ዶክተር ኩፐር ይህንኑ ቀዶ ሕክምና ሲያደርጉ አንድ ቀጭን የደም ቅዳ ተቀደደባቸው። የበሽተኛውን ሕይወት ለማትረፍ የደም ሥሩን ዘግተው፣ ሊቈርጡ ያሰቡትን ሳይቈርጡ ሥራውን አቋረጡ። በሽተኛው ሲነቃ ግን መንቀጥቀጡና ግትርነቱ ጠፍቶ፣ የእጁ ኀይል እንዳለ ተገኘ። ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር እግዚአብሔር ይመስገን ብሎ ያልፈው ነበር፤ እርሳቸው ግን ምክንያቱን መፈለግ ያዙ።

የደም ሥሩን መዝጋት ውጤቱ ከሰው ሰው ስለ ተለያየና አደጋ ስለ ነበረበት ተዉት፤ በእርሱ ፈንታ በቀጭን ቱቦ አልኮል ወደ አንጎል ውስጠኛ ክፍል ማስገባት ጀመሩ። ከተሻላቸው በሽተኞች የአንዱ አንጎል ከሞተ በኋላ ሲመረመር፣ አልኮሉ የነካው እርሳቸው ያለሙትን ስፍራ ሳይሆን ታላመስ የተባለውን ክፍል ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ሳያፍሩ ዒላማቸውን ለወጡ። በ1959 ዓ.ም. ጋንዲን ከእንዝርቱ አጠገብ ፎቶግራፍ ያነሣችው ማርጋሬት ቡርክ ዋይት በእርሳቸው እጅ ስትታከም፣ ታሪኩ በላይፍ መጽሔት ወጥቶ ስማቸው ገነነ።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ በብሮንክስ በሚገኘው በሴንት ባርናባስ ሆስፒታል፣ በአልኮሉ ፈንታ በፈሳሽ ናይትሮጅን የሚቀዘቅዝ መሣሪያ አወጡ። በሽተኛው ነቅቶ ሳለ የመሣሪያው ጫፍ በመጀመሪያ ጥቂት ብቻ ይቀዘቅዛል፤ እጁን እንዲያነሣም ይታዘዛል። መንቀጥቀጡ ቆሞ ኀይሉ ካልደከመ ቅዝቃዜው ይበረታል፤ ከደከመ ግን ጫፉ እንዲሞቅ ይደረጋል፤ ክፍሉም ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ሐኪሙ ከመጕዳቱ በፊት በሽተኛውን ይጠይቃል እንደ ማለት ነው።

በ1960ዎቹ መጨረሻ ሌቮዶፓ የተባለው መድኃኒት ሲመጣ ለቀዶ ሕክምናው የሚመጣው ሰው አነሰ። ዶክተር ኩፐር በ1970ዎቹ በኋለኛው አንጎል ላይ የኤሌክትሪክ ማነቃቂያ በመትከል የሚጥል በሽታን ሊያክሙ ሞከሩ፤ በዚህ ግን የሌሎች ሐኪሞች ጥብቅ ሙከራ አልደገፋቸውም፤ ተቺዎቻቸውም በዙ። በ1985 ዓ.ም. ዐረፉ። ሁለት ዓመት ቈይቶ በፈረንሳይ አገር በግሬኖብል ከተማ ዶክተር ቤናቢድ በዚያው በታላመስ ውስጥ ምንም ሳያጠፉ በኤሌክትሪክ ብቻ መንቀጥቀጥን ማስቆም ጀመሩ።