ሉዊስ አጋሲ ፉዌርቴስ

ሉዊስ አጋሲ ፉዌርቴስ (የካቲት 1 ቀን 1866 ዓ.ም. – ነሐሴ 16 ቀን 1919 ዓ.ም.፤ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1874 – ኦገስት 22 ቀን 1927) አሜሪካዊ የአእዋፍ ሠዓሊ፣ የአእዋፍ ተመራማሪና መምህር ነበር። ከጆን ጄምስ ኦዱቦን በኋላ በአሜሪካ ከተነሱት የወፍ ሠዓሊዎች መካከል ስሙ በቀዳሚነት ይጠራል። የመጨረሻዎቹን፣ ብዙ ባለሙያዎችም ከሥራዎቹ ሁሉ የላቁ ናቸው የሚሏቸውን ስዕሎች የሠራው በኢትዮጵያ ነው። ከኢትዮጵያ በተመለሰ በጥቂት ወራት ውስጥ በባቡር አደጋ ሞተ፤ ስዕሎቹ ግን ተረፉ።

ከዚህ በታች ዓ.ም. ተብሎ ካልተጻፈ በቀር ዓመታቱ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

የልጅነት ዘመን

ፉዌርቴስ የተወለደው በኒው ዮርክ ግዛት በምትገኘው ኢታካ ከተማ ነው። አባቱ ከፖርቶ ሪኮ የመጣ መሐንዲስ ሲሆን በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሲቪል ምህንድስና ትምህርት ቤትን ያቋቋመ ፕሮፌሰር ነበር። ልጁ ሊወለድ ሁለት ወር ያህል ሲቀረው ሉዊስ አጋሲ የተባለው የስዊስ ተወላጅ የተፈጥሮ ተመራማሪ አረፈ፤ ስሙም ለሕፃኑ ተሰጠ። ስምን መልአክ ያወጣዋል የሚባለው በዚህ ልጅ ላይ ደርሷል፤ አባቱ ግን ልጁ እንደ እሱ መሐንዲስ እንዲሆን ይፈልግ ነበር።

ልጁ ገና በትንሽነቱ ወፎችን በወንጭፍ እየመታ በቅርብ ይመረምር ነበር። አንድ ቀን ሕያው ጉጉት ይዞ መጥቶ በቤታቸው ጠረጴዛ ላይ አስሮ እንደተገኘ ይተረካል። በኢታካ ቤተ መጻሕፍት የኦዱቦን ታላቅ የአሜሪካ አእዋፍ መጽሐፍ ይገኝ ነበር። ይህን መጽሐፍ አንድ ሰው ብቻውን ለመሸከም ይቸገራል፤ ወፎቹ የተሣሉበት በትክክለኛ መጠናቸው ስለሆነ ነው። ፉዌርቴስ ገጾቹን እየገለጠ ሰዓታትን ያሳልፍ ነበር። በ14 ዓመቱ የመጀመሪያውን የወፍ ስዕል ሠራ፤ ምንቃሩ እንደ መቀስ የተሻገረ ቀይ ወፍ ነበር። በ17 ዓመቱ ደግሞ የአሜሪካ የአእዋፍ ተመራማሪዎች ማኅበር በአባልነት ተቀበለው። እስከዚያ ድረስ በዚህ ዕድሜ የገባ ሰው አልነበረም።

ትምህርትና አስተማሪዎቹ

በ1893 ኮርኔል ገብቶ የሥነ ሕንፃ ትምህርት ጀመረ። በትምህርቱ ያን ያህል የሚመሰገን ተማሪ አልነበረም። አንድ ጊዜ መምህሩ እያስተማረ ሳለ ከዛፍ ጫፍ የማያውቀው የወፍ ድምፅ ሰምቶ በመስኮት ወጥቶ ሄደ ይባላል። ዕድሉን የከፈተለት ግን ዘፈን ነው። የዩኒቨርሲቲው የመዘምራን ቡድን አባል ስለነበር በ1894 ከቡድኑ ጋር ወደ ዋሽንግተን ሄደ፤ እዚያም ከዘመኑ ታላላቅ የአእዋፍ ተመራማሪዎች አንዱ ከነበረው ከኤሊየት ካውዝ ጋር ተገናኘ። ካውዝ ስዕሎቹን አይቶ ወፍ መሣል እንጀራ ሊሆን እንደሚችል ነገረው፤ ሥራዎቹንም በማኅበሩ ጉባኤ ላይ አሳየለት። እስከዚያ ቀን ድረስ ፉዌርቴስ ይህን እንደ ሙያ አስቦት አያውቅም ነበር።

በ1897 ሲመረቅ ወደ ሠዓሊው አቦት ሃንደርሰን ታየር ሄዶ ተማረ። ታየር የእንስሳት ቀለም የተሠራው ለመደበቅ ነው ብሎ አጥብቆ የሚያምን ሰው ነበር። የብዙ እንስሳት ጀርባ ጠቆር፣ ሆድ ነጣ ያለው የፀሐይን ብርሃንና ጥላ አቻችሎ አካሉን ከአካባቢው ጋር ለማመሳሰል ነው የሚለው ሐሳቡ ዛሬም በሳይንስ ውስጥ ቦታ አለው። ለተማሪው ግን ትምህርቱ ፈተናም ነበረው። ታየር ወፉ ከቅጠሉና ከበረዶው ጋር ተዋሕዶ እንዲጠፋ ይፈልጋል፤ የፉዌርቴስን ስዕል የሚገዙት የመጻሕፍት አዘጋጆች ደግሞ ወፉ ከሌላው ተለይቶ ጎልቶ እንዲታይ ይፈልጋሉ። ፉዌርቴስ ዕድሜውን ሙሉ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ሠርቷል።

በ1899 የባቡር ሐዲድ ባለሀብቱ ኤድዋርድ ሃሪማን በመርከብ ወደ አላስካ ባዘጋጀው ጉዞ ተካፈለ። ከተጓዦቹ መካከል ጆን ሙየርን የመሰሉ የተፈጥሮ ጥበቃ ተሟጋቾች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ቴክሳስን፣ ሜክሲኮንና ኮሎምቢያን ዞሯል። ብዙዎቹን ጉዞዎች ያደረገው በኒው ዮርክ የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ከሚሠራው ከፍራንክ ቻፕማን ጋር ሲሆን ዓላማቸውም ለሙዚየሙ የወፍ ማሳያዎች ናሙናና መነሻ ንድፍ ማምጣት ነበር። በ1904 ማርጋሬት ሰምነርን አግብቶ ሁለት ልጆች ወለደ።

አሠራሩ

ወፍ ሲሞት በመጀመሪያ የሚለወጠው ላባው አይደለም። ላባ በአግባቡ ከተያዘ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ቀለሙን ይይዛል። ቶሎ የሚጠፋው የዓይኑ ቀለም፣ በዓይኑ ዙሪያ ያለው ራቁት ቆዳ፣ የምንቃሩ ሥርና የእግሩ ቀለም ነው፤ በሰዓታት ውስጥ ይደበዝዛል። በሙዚየም መሳቢያ ውስጥ ያለ ናሙና ሆዱ በጥጥ ተሞልቶ፣ ዓይኑ ቦታ ጥጥ ብቻ ቀርቶ፣ ክንፉ ተጣብቆ በጀርባው የተኛ ነው። ብዙ ሠዓሊዎች ከእንዲህ ዓይነቱ ናሙና ብቻ ስለሚሠሩ ወፎቻቸው የታሸጉ ይመስሉ ነበር።

የፉዌርቴስ ልዩነት ከዚህ ይጀምራል። ወፉን ከመምታቱ በፊት ለረጅም ጊዜ ይመለከተዋል፤ ሲቆም ክብደቱን በየትኛው እግር እንደሚያሳርፍ፣ ሲደነግጥ ላባውን እንዴት እንደሚያጣብቅ፣ ሲበርደው እንዴት እንደሚነፋ ያጠናል። ድምፁን በፉጨት መኮረጅም ይችል ነበር። ከመታው በኋላ ሌላውን ሥራ ሁሉ ትቶ የራሱን፣ የዓይኑንና የምንቃሩን ቀለም በውሃ ቀለም ፈጥኖ ያሰፍራል። ቆዳውን ገፍፎ የሚያዘጋጀውም ራሱ ነበር። ቤቱ ተመልሶ የመጨረሻውን ስዕል ሲሠራ ናሙናው ስለ ላባ፣ ንድፉ ስለ ቀለም ያስታውሰዋል፤ አቋሙ ግን ከጭንቅላቱ ይመጣል። የማስታወስ ችሎታውን አብረውት የሠሩ ሁሉ መስክረዋል።

ወፍ የሚወድ ሰው ወፍ መግደሉ ለዛሬ አንባቢ ግራ ያጋባል። በዚያን ጊዜ ግን የአእዋፍ ሳይንስ የሚሠራው በጠመንጃ ነበር። አገሪቱን ያሳሰበው እልቂት ሌላ ነበር። ቻፕማን በ1886 በኒው ዮርክ ጎዳናዎች ላይ ሲዘዋወር ካያቸው 700 የሴቶች ባርኔጣዎች 542ቱ በላባ ያጌጡ ነበሩ። ለዚህ ንግድ ወፎች በሚሊዮን ይገደሉ ስለነበር የኦዱቦን ማኅበራት ተቋቋሙ።

የፉዌርቴስ ስዕል ለዚህ ትግል አገልግሏል። ማኅበራቱ ለትምህርት ቤቶች በሚያሰራጩት በራሪ ጽሑፍ ላይ ወፎቹን ሣለ። አርም ኤንድ ሃመር የተባለው የመጋገሪያ ሶዳ በየፓኬቱ ውስጥ ይዞት በሚወጣው ትንሽ ካርድ ላይም የእሱ ወፎች ወጥተዋል፤ ካርዱ ወፎችን አትግደሉ የሚል ምክር ነበረው። በዚህ መንገድ የኦዱቦንን ውድ መጽሐፍ በሕይወቱ የማያይ ልጅ የፉዌርቴስን ወፍ ከወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ ያገኘው ነበር። ከእነዚህ ልጆች አንዱ ሮጀር ቶሪ ፒተርሰን ነው። በ11 ዓመቱ መምህርቱ የፉዌርቴስን ሰማያዊ ወፍ ሰጥታው ቀዳው፤ በ1934 ደግሞ ወፍን ሳይገድሉ በመነጽር አይቶ መለየት የሚያስችለውን ዝነኛ የመስክ መጽሐፉን አሳተመ። የፉዌርቴስ ዘመን የጠመንጃ ሳይንስ ያበቃው በከፊል በእሱ ስዕል ባደገ ልጅ እጅ ነው ማለት ይቻላል።

ለወጣቶች የሚሰጠው ጊዜ ብዙ ነበር። በኋላ ታዋቂ ሠዓሊ የሆነውን ጆርጅ ሚክሽ ሰተንን በደብዳቤ አስተምሮታል፤ በ1916 ክረምትም ቤቱ ድረስ አምጥቶ አብሮት ሠርቷል። ከ1920ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በኮርኔል የአእዋፍ ጥናት መምህር ሆነ።

በኢትዮጵያ

በ1926 መጨረሻ (1919 ዓ.ም.) በቺካጎ የሚገኘው ፊልድ ሙዚየም ከቺካጎ ዴይሊ ኒውስ ጋዜጣ ጋር ሆኖ የእንስሳት ናሙና የሚሰበስብ ቡድን ወደ ኢትዮጵያ ላከ። የቡድኑ መሪ የሙዚየሙ የእንስሳት ክፍል ኃላፊ ዊልፍሬድ ኦስጉድ ነበር። ፉዌርቴስ፣ አልፍሬድ ቤይሊ፣ ጋዜጠኛው ጃክ ባውምና ባለሀብቱ ሱይዳም ካቲንግ አብረውት ነበሩ። ከጅቡቲ በባቡር አዲስ አበባ ገቡ። ዘመኑ የንግሥት ዘውዲቱ ሲሆን አልጋ ወራሽና ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንን ተቀብለው አነጋገሯቸው።

ቡድኑ በበቅሎ ጓዝ መጀመሪያ ወደ አርሲና ባሌ ደጋ ወጣ። በዚያ የፈለጉት የደጋ አጋዘንን ነበር፤ ይህ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ እንስሳ በሳይንስ ስም ከወጣለት ገና 16 ዓመቱ ነበር። ከዚያ ወደ ሰሜን ተጉዘው በጎጃም፣ በጣና አካባቢ፣ በጎንደርና በሰሜን ተራሮች አልፈው በሱዳን በኩል ወጡ። ዋልያን፣ ቀይ ቀበሮንና ጭላዳን ሰበሰቡ። ከግልገል ዓባይ አጠገብ የተገኘች አንዲት ውሃ ለመድ አይጥ ለኦስጉድ አዲስ ወገን ሆና በ1928 ስም ወጣላት፤ እስከ ዛሬ የምትታወቀው በዚያች በአንዷ ናሙና ብቻ ነው።

ፉዌርቴስ በዚህ ጉዞ ከ100 በላይ ስዕሎችን በውሃ ቀለም ሠራ። ከቀደሙት ሥራዎቹ የሚለዩበት ምክንያት አለ። ለመጽሐፍ ሲሣል አዘጋጁ ወንዱንም ሴቱንም ጫጩቱንም፣ አንዳንዴም አራትና አምስት ዝርያዎችን በአንድ ገጽ ላይ እንዲያጭቅ ያዘዋል፤ ፉዌርቴስ ኑሮውን የሚገፋው በዚህ ነበር፤ ብዙ ገጾቹም መጨናነቃቸው ይታያል። በኢትዮጵያ ግን የሚያዝዘው አልነበረም። በድንኳን ደጅ ተቀምጦ አንድን ወፍ በአንድ ወረቀት ላይ፣ ቀለሙ ሳይደበዝዝ፣ የፈለገውን ያህል አጉልቶ ሣለ። ከሥዕሎቹ መካከል አጥንት ከከፍታ እየጣለ የሚሰብረው ጢማሙ አሞራና ደረቱ ላይ ቀይ ቆዳ ያለው የጭላዳ አውራ ይገኛሉ። ብዙዎቹ ወደፊት ለሚሠሩ ትልልቅ ስዕሎች መነሻ እንዲሆኑ የታሰቡ ነበሩ።

አሟሟቱ

በነሐሴ 1927 ፉዌርቴስና ባለቤቱ የኢትዮጵያን ስዕሎች ለቻፕማን ሊያሳዩ ወደ ተራራማው የታነርስቪል ከተማ ሄዱ። ወዳጁ ካየ በኋላ ስዕሎቹን በመኪናቸው ጭነው ወደ ኢታካ ሲመለሱ ኡናዲላ በተባለ ቦታ ከባቡር መሻገሪያ ደረሱ። ድርቆሽ የጫነ ጋሪ የሚመጣውን ባቡር ጋርዶት ነበር። ባቡሩ መኪናውን መታው፤ ፉዌርቴስ በ53 ዓመቱ ሞተ፤ ማርጋሬት ክፉኛ ቆሰለች። ስዕሎቹ ከመኪናው ተስፈንጥረው ወድቀው ጉዳት ሳይደርስባቸው ተገኙ።

ካቲንግ ስዕሎቹን ከባለቤቱ ገዝቶ ለፊልድ ሙዚየም ሰጠ። ሙዚየሙ በ1930 ከእነሱ 32ቱን በአልበም አሳተመ። በ1936 ደግሞ ኦስጉድ የራሱንና የሟች ጓደኛውን የጉዞ ማስታወሻ በአንድ መጽሐፍ አወጣ፤ መጽሐፉ የታተመው ኢትዮጵያ በጣሊያን በተወረረችበት ወቅት ነው። ቡድኑ ካደነባቸው ቦታዎች የሰሜን ተራሮች በ1969፣ የባሌ ተራሮች በ1970 ብሔራዊ ፓርክ ሆነዋል። ስዕሎቹ ግን በቺካጎ ስለቀሩ፣ የተሣሉት እንስሳት አገር ተማሪ የሚያያቸው በአብዛኛው በኅትመትና በኮምፒውተር መስኮት ነው።

መታሰቢያዎች

በኢታካ በካዩጋ ሐይቅ ጫፍ ያለ የወፎች መጠለያ በስሙ ይጠራል፤ የዊልሰን የአእዋፍ ጥናት ማኅበርም በስሙ የምርምር ሽልማት ይሰጣል። ቻፕማን በሜክሲኮ ለሚገኝ አንድ ወፍና በኮሎምቢያ ለሚገኝ አንድ ትንሽ በቀቀን በጓደኛው ስም ሳይንሳዊ ስም አውጥቷል። በቀቀኑ በ1911 ከተሰበሰበ በኋላ ለ91 ዓመታት በእርግጠኝነት ሳይታይ ቆይቶ በ2002 በማዕከላዊ አንዲስ ተራሮች ደን ውስጥ እንደገና ተገኘ።