የኢማም ሻፊዒ ሕይወትና የሕግ መንገዳቸው

በመጽሔታችን ላይ የነገሥታትና የጦር አለቆች ታሪክ ብዙ ጊዜ ይጻፋል። እኔ ግን ዘንድሮ ጦር ሳይመሩ አገርም ሳይገዙ፥ ብዙ ሚሊዮን ሰዎች በሚጋቡበት፥ በሚዋዋሉበትና በሚወራረሱበት ሕግ ላይ ስማቸው ስለ ቀረ አንድ ሊቅ ልጽፍ ፈለግሁ። እኒህም ሙሐመድ ኢብን ኢድሪስ አሽ-ሻፊዒ ናቸው። የእሳቸው መዝሀብ፥ ማለት የሕግ መንገድ፥ ከአራቱ የሱኒ መንገዶች አንዱ ሲሆን እስከ ኢንዶኔዢያ ድረስ፥ በእኛም አገር በሐረርና በምሥራቁ ክፍል በሚኖሩ ሙስሊሞች ዘንድ ይሠራበታል። ዘመኑን ሁሉ የጻፍሁት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ኢማም ሻፊዒ በ767 ዓ.ም. በጋዛ ተወለዱ። ትውልዳቸው ከነቢዩ ሙሐመድ ነገድ ከቁረይሽ ቢሆንም ቤታቸው የድኻ ቤት ነበረ። አባታቸው በሕፃንነታቸው ስለ ሞቱ እናታቸው ዘመዶቻቸው ወዳሉበት ወደ መካ ይዘዋቸው ሄዱ። ለአስተማሪው የሚከፈል ገንዘብ ስላልነበረ፥ መምህሩ በሌሉ ጊዜ ሌሎቹን ልጆች እያስጠኑ በዚያ ፈንታ በነጻ ይማሩ ነበር ይባላል። ወረቀት መግዣም ስለ ታጣ የሰሙትን በአጥንት ላይና ከመንግሥት ጽሕፈት ቤት በተጣለ ወረቀት ጀርባ ላይ ይጽፉ እንደ ነበር ይተረካል። (ወላጆቻችን ይህን ሲያነቡ ቀና ብለው እኛን መመልከታቸው አይቀርም።)

ቋንቋ ለማጥናት ከሁዘይል ነገድ ጋር በበረሓ ተቀመጡ፤ በዚያም የዓረብን ግጥም አጠኑ፥ ቀስት መወርወርም ተማሩ። ከዚያ በኋላ ወደ መዲና ሄደው ከታላቁ ሊቅ ከኢማም ማሊክ ዘንድ ደረሳ ሆኑ።

በዚያ ዘመን የሕግ ሊቃውንት በሁለት ወገን ሆነው ይከራከሩ ነበር። የመዲና ሊቃውንት ሐዲስንና የከተማቸውን የቆየ ልማድ ሲያጠብቁ፥ የኢራቆቹ ደግሞ ግልጽ ቃል ባልተገኘበት ነገር በአስተያየታቸው አብዝተው ይፈርዱ ነበር። ከዚህም የተነሣ በአንዱ ከተማ የተፈቀደው በሌላው ይከለከል ነበር። ይህ የመጻሕፍት ክርክር ብቻ አይደለም። ውርሷን የምትጠብቅ መበለት ወይም ዕዳ የተካደ ነጋዴ የሚያገኘው ፍርድ በዳኛው አስተያየት የሚለዋወጥ ከሆነ፥ ሕግ አለ ለማለት ያስቸግራል።

ኢማም ማሊክ በ795 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላ ሻፊዒ በየመን በናጅራን የመንግሥት ሥራ ያዙ። ነገር ግን በኸሊፋው ላይ ከሚያድሙት ከዓሊ ወገኖች ጋር ተባብረዋል ተብለው ተከሰሱና በ803 ዓ.ም. ገደማ ታስረው ወደ ሃሩን አል-ረሺድ ፊት ቀረቡ። ከሞት የዳኑት በንግግራቸው ብርታትና በሙሐመድ አሽ-ሸይባኒ አማላጅነት እንደ ሆነ ይተረካል። ሸይባኒ የኢራቁ ሊቅ የአቡ ሐኒፋ ደቀ መዝሙር ነበሩ። እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው፤ የመዲናው ተማሪ በሰንሰለት ከመጡ በኋላ ከተከራካሪው ወገን ሊቅ እግር ሥር ተቀምጠው መጻሕፍቱን አስገለበጡ፥ ተማሩ፥ ደግሞም ተከራከሩ። የሁለቱንም ወገን ብርታትና ጉድለት በዚህ ዐወቁ።

ከዚህ ትምህርት አር-ሪሳላ የተባለው መጽሐፋቸው ወጣ። ዛሬ ኡሱል አል-ፊቅህ ለሚባለው ትምህርት፥ ይኸውም ሕግ ከምን እንደሚወጣና እንዴት እንደሚወጣ ለሚመረምረው፥ ወደ እኛ ከደረሱት መጻሕፍት ቀደምቱ እርሱ ነው። ፈራጅ በመጀመሪያ ቁርዓንን ይመለከታል፤ ቀጥሎ የነቢዩን ሱና፤ ከዚያ ኢጅማዕን፥ ማለት የማኅበሩን ስምምነት፤ በመጨረሻም ቂያስን። ሐዲስ የሚያወራ ሰው እውነተኛና የሚናገረውን የሚያስተውል መሆን ይገባዋል፤ የተቀባበሉትም ሰዎች ሰንሰለት እስከ ነቢዩ ድረስ መቋረጥ የለበትም።

ቂያስ የተጻፈውን ካልተጻፈው ጋር ማመሳሰል ነው። ለምሳሌ ቁርዓን አባት የሚጠባ ልጁን እንዲመግብ ያዝዛል። እንግዲህ አባት አርጅቶ መሥራት ሲያቅተው ማን ይመግበው? ሻፊዒ በዚሁ ትእዛዝ አመሳስለው ልጁ አባቱን የመመገብ ግዴታ እንዳለበት አስረዱ። ዳኛ ደስ ያለውን ብቻ መርጦ መፍረዱን ግን አጥብቀው ተቃወሙ። ለዚህም የቂብላን ነገር ምሳሌ አድርገዋል። ካዕባን በዓይኑ የሚያይ ሰው ወደ እርሱ ዞሮ ይሰግዳል፤ በሩቅ ያለው ግን በከዋክብት፥ በነፋስና በተራሮች ምልክት አቅጣጫውን ይፈልጋል። ሁለት ሰዎች ፈልገው ቢለያዩ እያንዳንዱ እንዳገኘው ይሰግዳል። ምልክት ሳይፈልግ በዘፈቀደ መዞር ግን አልተፈቀደም። በእኔ አስተያየት ከመጽሐፉ ሁሉ ይህን ምሳሌ የሚያህል የለም፤ የሰው አሳብ እንዲለያይ ቦታ ይሰጣል፥ ስንፍናን ግን አይታገሥም።

በባግዳድ ሲያስተምሩ አሕመድ ኢብን ሐንበልን የመሰሉ ተማሪዎች አገኙ። በ815 ዓ.ም. ገደማ ወደ ግብጽ ተሻግረው በፉስጣጥ ተቀመጡ። በዚያም ቀድሞ ያስተማሩትን እንደ ገና መርምረው ብዙ ፍርዳቸውን ለወጡ፤ አር-ሪሳላንም ዳግመኛ ጻፉት። ስለዚህ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ የኢራቁን ትምህርታቸውን ቀዲም፥ የግብጹን ጀዲድ እያሉ ለይተው ያስተምራሉ። ስማቸው የገነነ መምህር በተማሪዎቻቸው ፊት የገዛ ፍርዳቸውን መሻራቸው ቀላል ነገር አይመስለኝም።

በጥር ወር 820 ዓ.ም. በፉስጣጥ ዐረፉ፤ በጨረቃ አቆጣጠር 54 ዓመታቸው ነበረ። ደቀ መዝሙራቸው አር-ረቢዕ ኢብን ሱለይማን ከእሳቸው በኋላ እስከ 884 ዓ.ም. ኖረው መጻሕፍቱን ለሚመጣው ሁሉ ያስተላልፉ ነበር። በ1211 ዓ.ም. የግብጹ ገዢ አል-ካሚል በመቃብራቸው ላይ ትልቅ የእንጨት ጉልላት አሠሩ። ጉልላቱ ዛሬም በካይሮ ቆሞ ይታያል፤ በጫፉም ላይ ትንሽ ጀልባ አለች።