ኢልያ ሜችኒኮፍና የአራስ ሕፃን ደም

ያለ ወሩ የተወለደ ሕፃን በጥቂት ተሕዋስያን እንኳ በብርቱ የሚታመመው ለምን እንደ ሆነ ለመረዳት የሚፈልግ አንባቢ፥ አስቀድሞ የኢልያ ሜችኒኮፍን ታሪክ ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

ሜችኒኮፍ በ1845 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ነው) ዛሬ ዩክሬን በምትባለው አገር በካርኮፍ ከተማ አጠገብ ተወለደ። የአራት ዓመቱን የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በሁለት ዓመት ፈጸመ። ትምህርቱ እንዲህ ይቅናው እንጂ ኑሮው መራራ ነበረ። የመጀመሪያ ሚስቱ በ1873 በሳንባ ነቀርሳ ሞተችበት። በ1881 ደግሞ ከሚያገረሽ ትኩሳት በሽተኛ የተወሰደ ደም በሰውነቱ አስገብቶ ሊሞት ደርሶ ዳነ፤ ይህን ግን ማንም እንዲከተለው አንመክርም።

በ1882 በሲሲልያ ደሴት በመሲና ከተማ ተቀምጦ ሳለ፥ ቤተሰቡ የዝንጀሮ ትርዒት ለማየት ሄደው እሱ ብቻውን ከማይክሮስኮፑ ጋር ቀረ። የሚመለከተውም ኮከብ የሚመስለውን የባሕር እንስሳ እጭ ነበረ። ገላው እንደ መስታወት ጥርት ያለ ስለ ሆነ በውስጡ ሕዋሳት ሲንቀሳቀሱ ይታያሉ። እነዚህ ተንቀሳቃሾች ምናልባት ሰውነትን ከጠላት የሚጠብቁ ይሆናሉ ብሎ አሰበ። ይህ እውነት ከሆነ በገላው እሾህ ቢሰካበት ሕዋሳቱ ሊከቡት ይገባል። ወዲያው ወደ አትክልቱ ቦታ ወጥቶ የጽጌረዳ እሾህ ቀጥፎ ከእጩ ቆዳ ሥር ሰካ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደውም። በማለዳ ቢያይ ሕዋሳቱ እሾሁን ከብበውታል።

ከዚህ በኋላ በእኛም ደም ያሉት ነጭ ሕዋሳት ተሕዋስያንን እየዋጡ እንደሚያጠፉ ማስተማር ጀመረ። ብዙ የጀርመን ሊቃውንት ግን የሚከላከለው ሕዋሱ ሳይሆን የደሙ ፈሳሽ ነው እያሉ ተቃወሙት፤ ክርክሩም ብዙ ዓመት ቆየ። ሜችኒኮፍ ከ1888 ጀምሮ በፓሪስ በፓስተር ኢንስቲቱት ይሠራ ነበረ። በ1903 እንግሊዛዊው ሐኪም አልምሮት ራይትና ባልደረባው፥ በደሙ ፈሳሽ ያለው ነገር ተሕዋስያኑን ሲለብሳቸው ነጭ ሕዋሳት በቀላሉ እንደሚውጧቸው አሳዩ። በእኛ አነጋገር ተሕዋሲው እንጀራ፥ ፈሳሹ ወጥ ሆነ ማለት ነው። በ1908ም የኖቤል ሽልማት ለሜችኒኮፍና የፈሳሹን ወገን ለያዘው ለፓውል ኤርሊኽ በአንድነት ተሰጠ።

ኤርሊኽ በ1892 እናት አይጥ መከላከያዋን ለልጆችዋ እንደምታካፍል አሳይቶ ነበረ። በሰው ዘንድ ይህ መከላከያ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ የሚያልፈው አብዛኛው በእርግዝና የመጨረሻ 3 ወሮች ነው። ስለዚህ ከ37 ሳምንት በፊት የተወለደ ሕፃን ድርሻው ሳይሞላለት ይወለዳል። ሕዋሳቱም ገና አልበሰሉም። በወሩ የተወለደው ሕፃን እንኳ ነጭ ሕዋሳቱ ተሕዋስያን ወዳሉበት ሲሄዱ ከአዋቂ ሰው ሕዋሳት ይዘገያሉ፤ በአጥንቱ መቅኔ ያለው ስንቅም ጥቂት ነውና ብርቱ ሕመም ሲመጣ ቶሎ ያልቃል። ያለ ወሩ በተወለደው ላይ ይህ ሁሉ ይብሳል፤ ወጡም በላተኛውም ይጎድሉበታል። ሕዋሳቱ የሚበረቱት ከተወለደ በኋላ ባሉት ሳምንታትና ወራት ቀስ በቀስ ነው።

ሜችኒኮፍ በ1916 በፓሪስ ሞተ። ሬሳው ተቃጥሎ አመዱ በፓስተር ኢንስቲቱት ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ።