ምረቃ ያልበተነው ማኅበር

ዶክተር ዶሮቲ ቡልዲንግ ፌሪቢ እ.ኤ.አ. በ1898 በአሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በኖርፎክ ከተማ ተወለዱ። በ1924 ከተፍትስ የሕክምና ትምህርት ቤት በከፍተኛ ውጤት ቢመረቁም፣ ጥቁር በመሆናቸው የቦስተን ሆስፒታሎች ለኢንተርንነት አልተቀበሏቸውም። ወደ ዋሽንግተን ሄደው በፍሪድመንስ ሆስፒታል ሠሩ። በ1929 ደግሞ እዚያው ከተማ ለድሃ ጥቁር ልጆች መዋያ የሚሆን ማዕከል አቋቋሙ።

እኔ ግን ለዚህ መጽሔት ላነሳላችሁ የፈለግሁት የማኅበራቸውን ነገር ነው። አልፋ ካፓ አልፋ በ1908 በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ጥቁር ሴት ተማሪዎች የመሠረቱት የእህትማማቾች ማኅበር ነው። አባልነቱ በምረቃ አያበቃም። የተመረቁትም የራሳቸው ቅርንጫፍ አላቸው፤ መዋጮውም ሥራውም ይቀጥላል።

ማኅበሩ በ1934 በሚሲሲፒ ለገጠር መምህራን ሥልጠና ከፈተ። ቶሎ የታየው ግን ሌላ ችግር ነበር፦ ልጆቹ ታመዋል፤ የታመመ ልጅ ደግሞ እንዴት ይማራል? በሚቀጥለው ዓመት ዶክተር ፌሪቢ ሐኪሞችን፣ ነርሶችንና መምህራንን ይዘው በመኪና ወረዱ። ሁሉም በነፃ ነው የሠሩት። ሐሳባቸው ክሊኒክ ከፍቶ ሕዝቡን መጠበቅ ነበር። የጥጥ እርሻ ባለቤቶች ግን ገበሬዎቹ ሥራ ትተው እንዲሄዱ አልፈቀዱም። እህትማማቾቹ ታዲያ ተስፋ ቆርጠው አልተመለሱም፤ ክትባቱን መኪና ላይ ጭነው እርሻው ድረስ ሄዱ። በየዓመቱ እየተመለሱ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆችን ከዲፍቴሪያና ከፈንጣጣ ከተቡ፤ ስለ ምግብና ንጽሕናም አስተማሩ። ሥራው እስከ 1940ዎቹ መጀመሪያ ዘለቀ።

ከ1939 እስከ 1941 ማኅበሩን በፕሬዚዳንትነት መሩ። በ1949 የጥቁር ሴቶች ብሔራዊ ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ። በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲም የተማሪዎችን ጤና አገልግሎት ለረጅም ዓመታት መርተዋል። በ1980 አረፉ።

እውነቱን ልናገር፣ የእኛ ባች የቴሌግራም ግሩፕ የሚነቃው ሠርግ ወይም ለቅሶ ሲኖር ነው። እኔም ራሴ ወሩን ሙሉ ሳልከፍተው የማልፍበት ጊዜ አለ። ሥራ በዛብን እንላለን፤ እሳቸውም እኮ ሐኪም ነበሩ፣ መንታ ልጆችም ያሳድጉ ነበር። ስለዚህ ዘንድሮ ከምሳውና ከፎቶው በኋላ አንድ ወረቀት አዞራለሁ፤ በዓመት አንድ ሳምንት ሐኪም ላጣ ጤና ጣቢያ የሚሰጥ ስሙን ይጻፍ። የመጀመሪያው መስመር ላይ የእኔ ስም አለ።