አብዶኛውን ያሸነፈው አረቄ

ጂንካ መሐል ከተማ የነበረው የሣር አውሮፕላን ማረፊያ ለብዙ ዓመታት ከብት ሲግጥበት፣ ልጆች ኳስ ሲያንከባልሉበት የኖረ ሜዳ ነው። በዚያችው ከተማ የቅዳሜ ገበያ ደግሞ አረቄ ይቸበቸባል። በደቡብ ኦሞ ሙርሲውም ሐመሩም የራሱ የማሽላ ጠላ አለው፤ እሱ እህል ሲኖር ይጠመቃል፣ እህል ሲያልቅ ይቀራል። አረቄው ግን ብር እስካለ ድረስ አይቋረጥም፤ ቱሪስት ለፎቶ ከሚከፍለው ብር ከፊሉ ወደዚያው ይሄዳል። ሱስ ሲባል ጫትና ሲጋራ ብቻ የሚታየው ሰው ሞልቷል። ኳስ ወዳድ ከሆነ ግን የጋሪንቻን ሕይወት ማየት ይበቃዋል።

ማኑኤል ፍራንሲስኮ ዶስ ሳንቶስ እ.ኤ.አ. በ1933 ከሪዮ ዴ ጄኔሮ ብዙም በማትርቀው ፓው ግራንዴ በምትባል የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መንደር ተወለደ። ጋሪንቻ የትንሽ ወፍ ስም ነው። እግሮቹ ሁለቱም ወደ አንድ ጎን የጎበጡ፣ አንዱም ከሌላው ያጠረ ነበር። አባቱ ካሻሳ የሚሉትን የሸንኮራ አገዳ አረቄ አብዝቶ ይጠጣ ነበር። ስለዚህ ልጁ መጠጥን ያወቀው ዝና ካገኘ በኋላ አይደለም፣ እቤቱ ነው።

በ1953 ቦታፎጎ ገባ። ቀኝ መስመር ላይ ኳሷን ይዞ ቆም ይላል። ተከላካዩ በየት በኩል እንደሚያልፈው ያውቃል፤ ጋሪንቻም በዚያው በኩል ያልፈዋል! በ1958 ስዊድን ላይ ከፔሌ ጋር የዓለም ዋንጫ አነሣ። በ1962 ቺሊ ላይ ፔሌ በሁለተኛው ጨዋታ ሲጎዳ ቡድኑን ተሸክሞ የሄደው እሱ ነው፤ እንግሊዝ ላይ ሁለት፣ አስተናጋጇ ቺሊ ላይ ሁለት አገባ። (እኛም የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣነው በዚያው ዓመት ነበር።) እሱና ፔሌ አብረው በተሰለፉበት ጨዋታ ብራዚል አንድም ቀን አልተሸነፈችም።

ውድቀቱ ቀስ እያለ መጣ። ጉልበቱ ተበላሽቶ በመርፌ እየተወጋ ይሰለፍ ነበር። ባዶ ወረቀት ላይ ሳይቀር ይፈርም ስለነበር ዝናውን የሚመጥን ገንዘብ አላገኘም። መጠጡ ግን አልተለየውም። በ1969 እሱ ሲነዳ በደረሰ የመኪና አደጋ የትዳር ጓደኛው፣ የታወቀችው ዘፋኝ ኤልዛ ሶዋሬስ፣ እናቷን አጣች። ሰክሮ ይመታትም ስለነበር በ1977 ተለያዩ። በ1980 የሪዮ ካርኒቫል ላይ የማንጌራ የሳምባ ቡድን በመኪና መድረክ ላይ አስቀምጦት ሲያልፍ ሕዝቡ ያየው፣ ያን ሁሉ ተከላካይ ያዞረው ሰው ፈዝዞ ተቀምጦ ነው።

ሆስፒታል ደጋግሞ ገባ፤ በወጣ ቁጥር ጠጣ። ጃንዋሪ 20 ቀን 1983 በ49 ዓመቱ፣ ጉበቱ በመጠጥ አልቆ ሪዮ ውስጥ ሞተ። አስከሬኑ ከማራካኛ ስታዲየም በእሳት አደጋ መኪና ወደ ፓው ግራንዴ ሲወሰድ መንገዱ በሰው ተጥለቀለቀ። ኤልዛ ሶዋሬስም ከ39 ዓመት በኋላ፣ በ2022፣ ልክ በዚያችው በጃንዋሪ 20 አረፈች።