ከአፈር መድኃኒት ያወጡት ስደተኛ

በዚህ እትም የምናስተዋውቃችሁ እንደ እናንተው የተወለዱበትን አገር ለቀው፣ ኑሮን በሌላ ቋንቋ ከ«ሀ» የጀመሩ ሰው ናቸው። ፕሮፌሰር ሰልማን ዋክስማን ይባላሉ። በጎንደርም ሆነ በአዲስ አበባ ለሳንባ ነቀርሳ የስትሬፕቶማይሲን መርፌ የተወጋ ዘመድ ካላችሁ፣ ስማቸውን ባታውቁትም ሥራቸውን ታውቁታላችሁ።

ዋክስማን እ.ኤ.አ. በ1888 ዩክሬን ውስጥ ኖቫ ፕሪሉካ በምትባል ትንሽ ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለዱ። ልጅ ሳሉ ታናሽ እህታቸው ዲፍቴሪያ በሚባለው የጉሮሮ በሽታ ሞተችባቸው። መድኃኒቱ በዓለም ላይ ነበረ፤ ለእሷ ግን በጊዜው አልደረሰም። በ1909 እናታቸው አረፉ። በሚቀጥለው ዓመት ወደ አሜሪካ ተሰደው ኒው ጀርሲ ውስጥ ዘመዳቸው እርሻ ላይ ተጠጉ። ከዚያም ሩትገርስ ኮሌጅ ገብተው በ1915 ተመረቁ፤ በ1918 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ከካሊፎርኒያ ይዘው ወደ ሩትገርስ ተመለሱ።

ሙያቸው የአፈር ጥናት ነበር። በአንድ እፍኝ አፈር ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩ በዓይን የማይታዩ ተህዋስያን ይኖራሉ። የወደቀውን ቅጠልና ገለባ የሚያፈርሱት ከራሳቸው በሚያወጡት ኢንዛይም በሚባል ንጥረ ነገር ነው። እናቶች የምታቦኩት የጤፍ ሊጥ በእርሾው ኃይል ሲነሳም የሚሠሩት እንዲህ ያሉ ተህዋስያንና ኢንዛይሞቻቸው ናቸው። ዋክስማን በ1926 ከባልደረባቸው ጋር ስለ ኢንዛይም መጽሐፍ አሳትመዋል።

ተህዋስያኑ ግን እርስ በርሳቸውም ይዋጋሉ። በ1939 የቀድሞ ተማሪያቸው ረኔ ዱቦ ከአንድ የአፈር ባክቴሪያ ጀርም ገዳይ የሆኑ ፔፕታይዶችን አገኘ። ፔፕታይድ ማለት ፕሮቲን ከሚሠራባቸው ቅንጣቶች የተቀጣጠለ አጭር ሰንሰለት ነው። ይህ መድኃኒት ለቁስል ቢጠቅምም ወደ ደም ሲገባ መርዝ ይሆናል። ዋክስማን ከተማሪዎቻቸው ጋር በ1940 ያገኙት አክቲኖማይሲንም የፔፕታይድ ዘር ነበረ፤ እሱም ከጀርሙ ጋር የሙከራ እንስሳውን ገደለ። ተስፋ ሳይቆርጡ የአፈር ተህዋስያንን በየተራ መመርመር ቀጠሉ። በ1943 የ23 ዓመቱ ተማሪ አልበርት ሻትዝ ስትሬፕቶማይሲንን አገኘ። ይህ መድኃኒት ከፔፕታይድ የተለየ ዘር ነው፤ የሳንባ ነቀርሳን ጀርም በሰው ሰውነት ውስጥ ለመምታት የቻለ የመጀመሪያው አንቲባዮቲክም ሆነ።

እውነቱን ለመናገር፣ ታሪኩ ቅሬታም አለበት። ሻትዝ ድርሻዬ ተነፈገኝ ብሎ መምህሩን ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ ጉዳዩ በ1950 በስምምነት ሲያልቅም አብሮ ያገኘ መሆኑ ታወቀለት። ሆኖም በ1952 የኖቤል ሽልማት የተሰጠው ለዋክስማን ብቻ ነበር።

ወላጆች ሆይ፤ ከዚህ ሕይወት ለቤታችሁ የሚሆን ትምህርት አለ። ስትሬፕቶማይሲን ብቻውን ሲሰጥ ብዙም ሳይቆይ ጀርሙ ለመደውና መድኃኒቱ መሥራት አቆመ። ስለዚህ ሐኪሞች የሳንባ ነቀርሳን በአንድ ላይ በሚወሰዱ የተለያዩ መድኃኒቶች ለብዙ ወራት ማከም ጀመሩ፤ ዛሬም የሚታከመው እንዲሁ ነው። በሽተኛው ሳሉ ስለቀለለው ብቻ ቢያቋርጥ፣ የተረፈው ጀርም በርትቶ ይነሳል፤ ለልጆችም ይተላለፋል። ስለዚህ እዚህ ሐዴራ የኩፓት ሆሊም ሐኪም ያዘዘላችሁን እስከ መጨረሻው ቀን ውሰዱ። ለጎረቤት አታካፍሉ። ጆሮአችሁ ቢጮህ፣ ዓይናችሁ ቢደክም ወይም ቢጫ ቢሆን፣ ፈጥናችሁ ለሐኪሙ ንገሩ። ቋንቋው ካስቸገራችሁ አማርኛ የሚችል ሠራተኛ ጠይቁ። በሽታው ከአፈር በወጣ መድኃኒት የሚድን ነውና የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ዋክስማን በ1973 በ85 ዓመታቸው አረፉ። በመቃብራቸው ድንጋይ ላይ፣ ምድር ተከፍታ መዳንን እንደምታወጣ የሚናገረው የነቢዩ ኢሳይያስ ቃል ተጽፏል። ለእህታቸው ያልደረሰው መድኃኒት ለእናንተ ልጆች በደጃችሁ ነው፤ ተጠቀሙበት።